ሸራ ያለበስነው ክምር

አዲስ ወደ ማኅበራችን የገቡት ልጆች «እማማ፣ ስለ ሥራው ይንገሩን እንጂ» ብለው ያዙኝ። ፊደል ስላልቆጠርኩ የልጅ ልጄ ትጽፍልኛለች፤ ወደ ሌላ ወሬ ስሄድም ትመልሰኛለች።

የመጀመሪያው ቀን ጋሪ ሰጡን። ሐይቅ ዳር በየቤቱ እየዞርን ቆሻሻ ልንሰበስብ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናነብኩ። አብራኝ የምትገፋው ዳንጊሴ «ምነው፣ ሙሽራ ነሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ኋላ ማኅበሩ ከቆሻሻ ማዳበሪያ የሚሠራበት የብስባሽ ግቢ ተሰጠው፤ እኔም የክምሩ ኃላፊ ሆንኩ። የወጥ ቤት ትራፊውን፣ የሙዝ ልጣጩን፣ የጫት ገረባውን ለይተን እንከምራለን፤ በየሳምንቱ በመንሽ እናገላብጣለን። ባለሙያው ታሪኩ «እማማ፣ ክምር እንደ ሰው ይተነፍሳል። አየር ካጣ ዓለሙን የሚያሞቀውን ጋዝ ያወጣል። የምንለፋው እሱን ለማስቀረት ነው» ይለኝ ነበር።

አጥራችን ከእትዬ አስካለ ቤት ጋር አንድ ነው። ልጃቸውን ሊድሩ ድንኳን የጣሉ ዕለት በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ኧረ ይሄ ሽታ! እንግዳ ፊት ልታዋርዱኝ ነው?»

ሽታው እውነትም አፍንጫ ይቆርጣል። ፊቴ ጋለ። «ይቅርታ እትዬ፣ አሁኑኑ እናጠፋዋለን» አልኩ።

ዳንጊሴ «ቆይ እንጂ፣ ትናንት ነው ያገላበጥነው፤ የእኛ ክምር መቼ እንዲህ ሸትቶ ያውቃል?» አለች።

«ዝም በይ፣ የቆሻሻ ሰዎች አይደለን?» አልኳት።

ክምሩን ሸራ አልብሰን ዳር ዳሩን በአፈር ደፈንነው። ሽታው በሠርጉም ቀን አልጠፋም። እኔ ግን ሌላ አፈር ጨመርኩበት። ሠርጉ አልፎም ሸራውን ማንም እንዲያነሳ አልፈቀድኩም፤ እትዬ አስካለ ደግመው ብቅ እንዳይሉብኝ።

ለመስክ ሥራ ሄዶ የከረመው ታሪኩ ተመልሶ ሸራውን ገለጠው። ውስጡ ጥቁር ጭቃ ሆኗል፤ እንደ ገማ እንቁላል ሸተተን። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እማማ፣ ይሄን ከምንሠራ ባንሰበስበው ይሻል ነበር» ብቻ አለ። ብስባሽ ሊወስዱ የአህያ ጋሪ ይዘው የመጡት የቡሹሎ ገበሬዎች ባዶ ጆንያቸውን አጥፈው ሄዱ። ዳንጊሴ መንሿን አንስታ ማገላበጥ ጀመረች። እኔ ቀና ማለት አቃተኝ።

ልጆቼ፣ ሸተታችሁ ሲሏችሁ መጀመሪያ ሄዳችሁ ክምሩን አሽትቱ።

ከዓመታት በኋላ የሽንት ቤት መጣጭ መኪና እትዬ አስካለ በር ቆመ። ጉድጓዱ ሲከፈት ያ የሠርጉ ሽታ መጥቶ ግቢያችንን ሞላው። ሾፌሩን «ምንድን ነው እንዲህ የሚገማው?» አልኩት።

«ጉድጓዳቸው ገንፍሎ ነዋ፣ እማማ። ልጃቸውን ሲድሩም እንዲሁ ገንፍሎ ጠርተውን ነበር። ያኔ መኪናችን ተበላሽቶ ሳንመጣላቸው ቀረን» አለኝ።