በእንግሊዝኛ ብቻ

«ኢዝ ኢት ክሊር?» ሲባል «ዬስ ቲቸር!» የማይል ክፍል እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ገባቸውም አልገባቸውም ጣሪያው እስኪነቃነቅ ይላሉ። እኔ ይህን «ዬስ» ከዝምታ አብልጬ እፈራዋለሁ።

የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። አሁን አሁን ግን ሥራዬ ከሶዶ እየተነሳሁ በየወረዳው ትምህርት ቤት መዞር ሆኗል፤ ሒሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩትን መምህራንና ቋንቋው የሚያስጨንቃቸውን ተማሪዎች እደግፋለሁ። የዚያን ቀን በሚኒባስ ወደ በዴሳ ከተማ የሄድኩት ለአንድ ወጣት የኬሚስትሪ መምህር ነበር። ትምህርቱን ጠንቅቆ ያውቃል፣ እንግሊዝኛው ላይ ሲደርስ ግን ያልበዋል። የሙከራ ጊዜው እያለቀ ስለነበር ቋሚ ተቀጣሪ መሆን አለመሆኑ በዚያ ክፍለ ጊዜ ይወሰናል። ገምጋሚው ርዕሰ መምህሩ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ አንዲት የወላይትኛ ቃል እንዳትሰማ ብለው ከልክለዋል።

ከመግባታችን በፊት መምህሩን በር ላይ ያዝ አድርጌ፣ «አደገኛውን ነገር በወላይትኛ ንገራቸው፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ትደግመዋለህ» አልኩት።

«ቲቸር፣ እሳቸው ተቀምጠው? እንጀራዬ እኮ ነው» አለኝ።

ላብራቶሪ ስለሌለ የሚሠራው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። እኔና ርዕሰ መምህሩ ከኋላ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ፊት ለፊት ጠረጴዛው ላይ አሲድ ያለበት ብርጭቆ፣ ባዶ ብርጭቆና አንድ ጆግ ውሃ አለ። መከላከያ መነጽር የለም። አሲዱ ቀስ እየተባለ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃ አሲዱ ላይ አይፈስም፤ ከፈሰሰ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። መምህሩ ይህን ከመጽሐፉ በሸመደደው ረጅም እንግሊዝኛ ተናገረና ገብቷቸው እንደሆነ ጠየቀ። እነሱም እንደ ልማዳቸው «ዬስ» አሉ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ጠርቶ እንድትሠራው አዘዛትና ቀመሩን ሊጽፍ ወደ ሰሌዳው ዞረ።

ልጅቷ ጠረጴዛውን አየች። ወደ ጓደኞቿ ዞር አለች፤ የሚረዳት ጠፋ። ከዚያ ጆጉን አንስታ ወደ አሲዱ ዘንበል አደረገችው። 

ከአጠገቤ ወንበር ተገለበጠ። ርዕሰ መምህሩ ናቸው። በወላይትኛ፣ «ተዪ! ውሃውን አታፍስሺ!» ብለው ጮኹ። ልጅቷ ጆጉን እንደያዘች ክው ብላ ቀረች።

መምህሩ ዞሮ ሲያይ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ጆጉን ከእጇ ተቀበላት፣ ትንፋሹን ሰብሰብ አደረገና ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው በወላይትኛ ማስረዳት ጀመረ። ርዕሰ መምህሩን ዞሮ አላያቸውም። ክፍሉ ነፍስ ዘራ፤ ለምን እንደሚፈላ፣ ቢነካቸው ምን እንደሚያደርጉ ጠየቁት። እኔም ተነስቼ መምህሩ የነገራቸውን በአጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ልጅቷ ጮክ ብላ አነበበችና አሲዱን ጠብ ጠብ እያደረገች ውሃው ላይ ጨመረች።

ቢሮ ስንገባ ርዕሰ መምህሩ ገና ሳይቀመጡ፣ «መመሪያ ጥሰሃል» አሉት። «ግማሹን ክፍለ ጊዜ በወላይትኛ ነው ያስተማርከው። እንዲህ ሆኖ ቅጥርህን አላጸድቅም።»

መምህሩ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ደሜ ፈላ፤ ትዕግሥት ድሮም አልፈጠረብኝም።

«እርስዎስ፣ ዳይሬክተር፣ በምን ቋንቋ ነው የጮኹት?»

«ልጅቷ ዓይኗ ሊጠፋ ነው እኮ! በማትሰማው ቋንቋ ልጩህ ኖሯል?»

ይህን ብለው ወደ መስኮቱ ሄዱና ግቢውን አዩ።

«ቀጣዩ ክፍልም በአሲዱ ይሠራል?» አሉት ወደ መምህሩ ተመልሰው።

«አዎ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ በሚሰሙት ንገራቸው። ከሰዓት መጥተህ ፊርማዬን ትወስዳለህ።»