የቀኛዝማቹ ብዕር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳን ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን ስዘረዝር ይህን አንዱን እየዘለልኩ ኖሬያለሁ። አሁን ለእናንተ ስጽፈውም በሩን ቆልፌ ነው። ማንን ነው የምፈራው? ቀኛዝማቹ እንደሆኑ ከሞቱ ስንት ዘመን ሆናቸው።

በንጉሡ ጊዜ ዲላ ውስጥ ሰዓትና ብዕር እጠግን ነበር። ከሸዋ የመጣሁ ወጣት ብሆንም ስሜ ወጥቶልኛል። አንድ ቀን ጂግሶ ብዕር በመሐረብ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ጂግሶ የጌዴኦ ሰው ነው፤ የአገሩ ባለርስት የነበሩት የቀኛዝማቹ ጭሰኛ ሆኖ ደጃቸው ላይም ያገለግላል። ብዕሩ ከአንድ ትልቅ ሰው በስጦታ የተሰጣቸው ስለሆነ፣ "ከዓይንህ እንዳይጠፋ፤ እዚያው ቆመህ አሠርተህ አምጣ" ብለው ነው የላኩት።

ሳየው ልቤ ዘለለ። ከጣሊያን በፊት የተሠራ ነው። ጥቁር የነበረው ገላው ፀሐይ መትቶት ቡናማ ሆኗል፤ በአውራ ጣቴ አሸት አድርጌ ሳሸትተው ድኝ ድኝ ይላል፤ የዱሮ ጠንካራ ጎማ ሲታሽ እንዲህ ነው። ክዳኑ ላይ የተቀረጸው ምልክት ገላው ላይ ካለው ይገጥማል። ቀለም የሚስበው ማንሻ የራሱ ነው። ጫፉ ወርቅ ነው፤ እሱም ላይ ያው ምልክት አለ። ምንም የተለወጠ ዕቃ የለበትም። የተበላሸው ቀኛዝማቹ የሱቅ ቀለም ንቀው፣ ደብተራው ለብራና የሚበጠብጠውን የጥቀርሻ ቀለም ስለሞሉበት ነው። እንደ ሙጫ ደርቆ ጫፉን ይዞታል።

ጂግሶ በሩን በሩን ያያል። ከከተማው ወጣ ብሎ ጪጩ ወዳለው የሚሲዮን ጸሎት ቤት የሚሄድበት ቀን ነበር። ቀኛዝማቹ ደግሞ ጭሰኛቸው የሚሲዮን ሃይማኖት መያዙን ቢሰሙ አይምሩትም።

"ወንድሜ፣ ደርሼ ልምጣ። ለሰው አትንገርብኝ" አለኝ።

ሂድ አልኩት።

ጫፉን ለብ ባለ ውሃ ነክሬ ማሳደር ነበረብኝ። አውቅ ነበር። ግን ቸኮልኩ፤ በጉጠት ይዤ ሳብኩት፤ ከመሃሉ ተሰነጠቀ።

እኔ ነኝ የሰበርኩት። ሌላ ሰው አልነበረም። ቀኛዝማቹ በዕቃ የተነሳ ሰው ሲያስገርፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ከአንድ አሮጌ ብዕር የወርቅ ቅብ ጫፍ ነቅዬ ገጠምኩበት፤ የተሰነጠቀውን ሽንት ቤት ጉድጓድ ጣልኩት። ጂግሶ ሲመለስ ሥራው አልቆ ጠበቀው። አመስግኖኝ ሄደ።

ሳምንት ሳይሞላ ተጠራሁ። ቀኛዝማቹ የፈረንጅ ፊደል ባያነቡም ጫፉ ላይ የነበረው ምልክት መጥፋቱን አይተዋል፤ ወረቀቱንም ይቧጥጥባቸዋል። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ጂግሶ ጥግ ላይ ቆሟል።

"አንተ ታውቃለህ። የቱ የራሱ እንደሆነ፣ የቱ እንዳልሆነ መርምረህ ንገረኝ" አሉኝ።

መርማሪው እኔ ሆንኩ። እኔው ያጠፋሁት! ክዳኑ የራሱ ነው አልኩ። ገላው የራሱ ነው። ማንሻው የራሱ ነው። ጫፉ ላይ ስደርስ አዲስ ነገር ያየሁ ይመስል ወደ ብርሃን አዞርኩት።

"ጫፉ የራሱ አይደለም፣ ጌታዬ።"

"ማን ለወጠው?"

"እንጃ፤ ለእኔም ሲመጣ እንዲሁ ነበር" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ በዚህ አፌ።

ወደ ጂግሶ ዞሩ። "ሱቁ ውስጥ ትተኸው ሄደህ ነበር?"

ጂግሶ አየኝ። ዓይኑ ይለምነኛል።

"የለም ጌታዬ። እኔ ራሴ ቆሜ አሠራሁ። ከዓይኔ አልጠፋም።"

ጸሎት ቤቱን ሊደብቅ የተናገራት ቃል እኔን ነጻ አወጣችኝ፤ እሱን አሳሰረችው። ውሸት መሆኗን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። አንድ ቃል ብተነፍስ ይበቃ ነበር። ለምን ዝም አልኩ? ምሥጢሩን ልጠብቅለት ብዬ ነው አልኩ ለራሴ። ምሥጢር! እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ።

ገረፉት። ወርቁን የት እንደሸጥክ ተናገር እያሉ ገረፉት። ያልሸጠውን ከየት ያምጣው? በመጨረሻ አባቱ ከተከለው ቡናና እንሰት ላይ ከነሚስቱ ከነልጆቹ አስነሱት።

ከአገር ሊወጣ ሲል ሱቄ መጣ። ነገሩ ገብቶት ሊበቀለኝ መስሎኝ ጉጠቱን ጨበጥኩ። እሱ ግን ቀስ ብሎ ገባ፤ ጀርባው ገና አልሻረም። እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

"ወንድሜ፣ ጸሎት ቤት መሄዴን አልተናገርክብኝም። ብትናገር የእኛ ሰዎች ሁሉ ይታሰሩ ነበር። እግዚአብሔር ይባርክህ" አለኝ።

እኔም "አሜን" አልኩት።

ፈርቼ ነው አልላችሁም፤ እሱም ፈርቶ ነበር። ይቅር በሉኝም አልላችሁም። ይቅር ሊለኝ የሚገባው ሰው መርቆኝ ሄዷል፤ የት እንደገባም አላውቅም።