አባቴ ያለቀሰበት ማሳ

የመጀመሪያው ዝናብ ያረሰረሰው አፈር ሲሸተኝ፣ ደሴ ዙሪያ ያለው ተዳፋት ማሳችን ትዝ ይለኛል። ልጅ ሳለሁ ተመራማሪዎች መጥተው አፈሩን በብረት ቱቦ ሲያወጡ፣ አንዷ «ጨረር ያለው ብናኝ እየፈለግን ነው» አለች። አባቴ ዱላውን ጨብጦ ፊቷ ቆመ።

«ወላሂ፣ መሬቴን መርዛችሁ አትሄዱም!»

«እኛ አላመጣነውም፣ አባቴ» አለች። «ድሮ ሩቅ አገር ቦምብ ሲፈነዳ ከዝናብ ጋር የወረደ ነው። ትንሽ ስለሆነ አይጎዳም። እሱ ከሌለ ግን የላይኛው አፈር ታጥቧል ማለት ነው።»

አባቴ ዱላውን አወረደ።

በዓመቱ ተመልሳ፣ «ብናኙን ማሳዎ ላይ አላገኘነውም» አለችው።

እኔ መርዝ የለም ብዬ በደስታ አጨበጨብኩ። አባቴ ግን መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። በማግስቱ ድንጋይ እየለቀመ እርከን መካብ ጀመረ። አሁን እሱ የለም፤ ወንድሜ ግን እዚያው ማሳ ላይ ጤፍ ያጭዳል።