እናቴ ለነርሷ ያቆየችው ጥያቄ

በየመስከረሙ ተማሪዎቼን ለክትባት ይዤ ክሊኒክ ስገባ፣ አልኮል የነካው ጥጥ ሽታ አፍንጫዬን ቆንጠጥ ያደርገኝና አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደነበረው አፓርታማችን፣ ወደ ፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ይመልሰኛል።

እኔና እናቴ ታክሲ ይነዳ ወደነበረው አባቴ የመጣነው በበጋው ሙቀት ነበር። የኩፍኝ ክትባት ያልወሰደ ልጅ ትምህርት ቤት አይገባም ተባለ፤ እናቴ ግን «እስቲ ቆዩ» ትል ነበር። ቅጠሉ ቀልቶ ሲረግፍም እኔ ገና መስኮት ላይ ነበርኩ፤ ቢጫው አውቶቡስ የጎረቤት ልጆችን ጭኖ ሲሄድ እያየሁ፣ ጫማዬን እያሰርኩና እየፈታሁ እውል ነበር፤ እሷም ከኋላዬ እየተንቆራጠጠች ያንኑ ጠረጴዛ ደጋግማ ትወለውል ነበር።

ምክንያቱን ላስረዳ። እናቴ የተወለደችው በደቡብ ቆላ፣ መኪና በማይደርስበት የከብት አርቢዎች መንደር ነው። ልጅ ሳለች የውጭ አገር ሐኪሞች በእግር መጥተው፣ ገና እየተሞከረ የነበረውን የኩፍኝ ክትባት ለመንደሩ ልጆች ሰጡ። እዚያ የሌላ ሰው ልጅ ከመንካት በፊት እናቱን ማስፈቀድ ወግ ነው፤ እነሱ ግን ማንንም ሳይጠይቁ ልጆቹን፣ እናቴንም ጭምር፣ አሰልፈው ወግተው ሄዱ። ታናሽ ወንድሟ በትኩሳት ሲነድ ሰንብቶ ዳነ፤ ኋላ ኩፍኝ መንደሩን ሲመታም እሷም እሱም ተረፉ። የሚያንገበግባት፣ ማንም ተመልሶ «ልጁ እንዴት ሆነ?» አለማለቱ ነበር።

«ታዲያ መድኃኒቱ ከሠራ ምን ቀረሽ?» እያለ አባቴ ያሾፍባት ነበር፤ «ሐውልት ያቁሙልሽ?»

«ይጠይቁኝ» ትለው ነበር።

የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል አባቴ ሁለታችንንም ጭኖ ክሊኒክ ወሰደን። ነርሷ መርፌውን አዘጋጅታ ቆም አለችና እናቴን አየቻት።

«ጥያቄ ካለሽ ጠይቂ፣ ካልፈቀድሽ አልወጋም ትላለች» ብሎ አባቴ ተረጎመ።

«መጀመሪያ ማን ላይ ሞከራችሁት በላት።»

«ኧረ ተይ፣ ሰዉ ውጭ ወረፋ ይጠብቃል።»

«በላት አልኩህ።»

አላት። ነርሷ አሰብ አድርጋ እንደማታውቅ ተናገረች።

«እኔና ወንድሜ ላይ ነው በላት» አለች እናቴ። አክላም «ድኗል በላት» አለች።

ነርሷ መርፌውን አስቀምጣ፣ ወንበር ስባ ከፊቷ ተቀመጠች። «አሁንስ ወንድምሽ እንዴት ነው?» አለቻት በአባቴ በኩል። እናቴ ስለ ወንድሟ፣ ስለ ልጆቹና ስለ ከብቶቹ ሳትቸኩል ነገረቻት፤ ከዚያ እጅጌዬን ራሷ ሰበሰበችው።

ያኔ ያን ቢጫ አውቶቡስ ለመሳፈር ቸኩዬ ብቻ ነበር የምቁነጠነጠው። ዛሬም ተማሪዎቼ እንደዚያው እየተቁነጠነጡ ወረፋ ይጠብቃሉ፤ አንዲት እናት ስለ ክትባቱ ስትጠይቀኝ ግን ቆሜ አልመልስም፤ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ።