ሰባተኛዋ ሪቬት

"ከደመናው ወዲያ፣ መስኮትሽን ባየሁ፣
እም… እም… እምምም…"

ሁለተኛውን ስንኝ ረስቶታል። ዜማው ግን ከአፉ አይጠፋም። የአየር መዶሻው ሲጮኽ ዝም ይላል፤ መዶሻው ትንፋሽ ሲሰበስብ እሱ "እም… እም…" ይላል።

ሠላሳ አንድ ዓመት የተጋጨ አውቶቡስ እየቀጠቀጠ ያቃና የባቲላሜራ ሠራተኛ ነበር። ጡረታ የወጣ ሰው ደጁ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል፤ እሱ ግን መቀመጥ አልሆነለትም። ከቤቱ ጀርባ ባለችው ጋራዥ ውስጥ ሁለት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን መሥራት ከጀመረ ስምንት ዓመቱ ነው።

"ካፒቴን፣ ዛሬም መሬት ላይ ነን?" ይለዋል ጎረቤቱ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ።

"አንተ ብቻ ቀበቶህን እሰር!"

ክንፏን የሚያለብሰው ስስ አሉሚኒየም ከአጥንቷ ጋር የሚያያዘው በሪቬት፣ ሁለት ቆርቆሮ ወግቶ በሚይዝ አጭር ባለራስ ምስማር ነው። ሪቬት መምታት ደግሞ ለአንድ ሰው አይሆንም። እሱ ከውጭ በመዶሻው ይመታል፤ ሚስቱ እጇን ወደ ክንፉ ሆድ አስገብታ የሪቬቷን ጭራ በድፍን ብረት ትደግፋለች። ጭራዋ ተደፍጥጣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ክብ ከሆነች ይዛለች። ይህን የምታየው እሷ ናት፤ እሱ አያይም። በዚያ ጩኸት መነጋገር ስለማይቻል በብረቱ ታንኳኳለታለች፦ አንዴ ከሆነ "ደህና ናት፣ ቀጥል"፣ ሁለቴ ከሆነ "ጠማማ ናት፣ አውጣት"።

"ዕድሜ ልኬን በክርክር ያልረታሁትን ሰው በማንኳኳት ረታሁት" ትላለች።

ያን ቀን የቀኙ ክንፍ የመጨረሻ ረድፍ ነበር። ከሰዓት በኋላ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪው ይመጣል። እሱ ካልፈረመ አውሮፕላኗ አትበርም፤ ወደ ከተማዋ ብቅ የሚለው ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሰባተኛዋ ሪቬት ላይ ከውስጥ ተሰማ፦ ኳ፣ ኳ።

እጁ ቆመ። ጠማማዋን ማውጣት ማለት የሪቬቷን ራስ በድሪል መብሳት ነው፤ ድሪሉ ለጥቂት ከሳተ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ከሰፋም ፊርማው ይቀራል። ሰዓቱን አየ። ወደ ስምንተኛዋ አለፈ።

ሚስቱ ሰባተኛዋን ምልክት አድርጎባት ለኋላ ያቆያት መስሏት ስምንተኛዋን ደገፈችለት።

ረድፉ አለቀ። ታጠቡ። የድንች ሾርባና ዳቦ ቀረበ። እሷ ተቀመጠች፤ እሱ ማንኪያውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠ፣ መስኮቱን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው፣ እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ።

"ምነው አንተ ሰውዬ፣ ወንበሩ እሾህ አበቀለ እንዴ?"

"ቆሜ እበላለሁ።"

"ቆመህስ መች በላህ! ያቺን ሰባተኛዋን ምልክት አድርገህባታል አይደል?"

"እ… አዎ።"

"ጎሽ። እኔማ ሻርፕ ገዝቻለሁ፣ ቀይ። ከሰማይ ሆኜ እህቴን ቁልቁል ሳያት፣ 'ባልሽ አብዷል' ያለችኝን መልሼ አስውጣታለሁ!"

ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ሁለተኛው መቀመጫ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የእሷ ነው፤ በቀኝ በኩል፣ ዛሬ ከዘጋው ክንፍ ጎን። አንዲት ሪቬት ክንፍ እንደማትጥል ያውቃል። ከሺዎቹ መሃል አንዷ ናት። ልብ የሚሉት ግን ሂሳብ አይገባውም፤ ሺዎቹን ሁሉ ትቶ በዚያችው በአንዷ ላይ ያንኳኳል። ኳ፣ ኳ።

"ዋሽቼሻለሁ" አለ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ። "ምልክት የለባትም። እየሰማሁ ነው ያለፍኳት።"

ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ሰውየው በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?"

"በዘጠኝ።"

"ታዲያ ምን ይገትርሃል? ና!"

ድሪሉን በሁለት እጁ ያዘ። ጫፉ ለጥቂት ሳተ። የሪቬቷ ራስ ወለቀ፣ ጭራዋ ወደ ውስጥ ወድቃ ተንከባለለች። ቀዳዳዋ ግን ክብነቷን አጥታ እንቁላል መስላ ቀረች። ቀና ሲል ተቆጣጣሪው በሩ ላይ ቆሞ ያያል።

ሰውየው ቦርሳውን አስቀምጦ ጎንበስ አለ፤ በትንሽ መስታወት የክንፉን ውስጥ ቀስ ብሎ ፈተሸ።

"የቀሩት ያምራሉ። ይቺ ወፈር ያለ ሪቬት ትፈልጋለች። አለዎት?"

"የለኝም። ማዘዝ አለብኝ።"

"እንግዲያ ዛሬ አልፈርምም ጋሼ። በሚቀጥለው ጉዞዬ።" ብዕሩን ወደ ኪሱ መለሰ። "እውነቱን ልንገርዎት? ባይነካኳት ኖሮ እኔም ላላያት እችል ነበር።"

"እሷ አይታታለች" አለ፣ ወደ ሚስቱ በአገጩ እያመለከተ።

"ስድስት ወር ምን አላት!" አለች ሚስቱ እጇን ከክንፉ እያወጣች። "ሻርፕ እንደ ዳቦ አይሻግትም።"

የተቆጣጣሪው መኪና ድምፅ መንገዱ ጫፍ ላይ ጠፋ። ስድስት ወር በእሱ ዕድሜ ላለ ሰው ቀላል አይደለም። ወደ ቤት ገባ፤ መስኮቱን አልነካም፣ በሩ ድረስም አልሄደም። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

"ላሙቅልህ?"

"ተዪው፣ እንዲሁ ይሻላል።"

ዳቦውን ቆርሶ በቀዘቀዘው ሾርባ ነከረና በላ።