አጎቴና «ጆሮ ዳባ ልበስ»

በአጎቴ ሞት የከሰርኩት ሁለት ሰው ነው፤ እሳቸውንና ወንድሜን።

አጎቴ ደብረ ታቦር ገበያ ሱቄ በር ላይ ተቀምጠው የሰውን አባባል ያርሙ ነበር። አንድ ደንበኛ በዋጋ ስንከራከር «ደጅ አስጠናኸኝ እኮ» ቢለኝ፣ «ደጅ የሚጠናው ሹመት ፈላጊ ነበር፣ ያውም በጌታ በር። ይኼ የጨርቅ ሱቅ ነው፤ ገብተህ ተቀመጥ» አሉት። ሰውየው ስቆ ሄደ፤ የገዛው ግን ከጎረቤቴ ነው።

ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው አንበሳሜ ነው። በአባታችን የውርስ ቦታ ከተጣላን ወዲህ ስደውልለት አያነሳም። ባለፈው ጾም ለአጎቴ «ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎኛል፤ ንቆኛል» አልኳቸው።

«ዳባ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ከነጸጉሩ የተለፋ የበግ ቆዳ ነው። የጉና ሰው ሲበርደው እስከ ጆሮው ይከናነበዋል። ያን ጊዜ ብትጠራው አይሰማህም። ታዲያ ናቀኝ ብለህ ትመለሳለህ? ጠጋ ብለህ ትነግረዋለህ እንጂ። አንተ እዚህ ተቀምጠህ ስልክ ትነካካለህ።»

«አንቱ ካሉበት እሄዳለሁ» አልኳቸው።

«ከፋሲካ በኋላ እንሄዳለን» አሉኝ። ፋሲካን አላዩም።

የአባባሉ ምንጭ እውነት እንደዚያ ይሁን አይሁን እንጃ። የምጠይቀው ሰው የለኝም። ሱቄ በር ላይ አሁን ሰው ያሻውን ተናግሮ ያልፋል።

ለቀብሩ ወንድሜ መጣ። እንደተባልኩት ጠጋ ብዬ «እግዜር ያጽናን» አልኩት። «አሜን» አለና ጋቢውን ሰብስቦ ወደ ሌላ ሰው ዞረ። ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም።

አጎቴ የሉም። ከወንድሜ በእጄ የቀረችው ያቺ አንዲት አሜን ናት።