ሥዕሉ ፊት የመረቅኋት ልጅ

ከጊንጪ እስከ ጎጆ ያልዞርሁበት ገበያ የለም፤ ሙዚየም ግን አይቼ አላውቅም። የልጅ ልጄ አዲስ አበባ ትልቁ የሥዕል ሙዚየም አስጎብኚ ሆና እንደተቀጠረች ከአምቦ አስጠርታ ለብቻዬ አስጎበኘችኝ። ሥዕሉን ሁሉ በኦሮምኛ ስታስረዳኝ ልቤ ሞላና አንድ ሥዕል ፊት እንደቆምን እንደ አገራችን ወግ «እንትፍ፣ እንትፍ፣ እደጊልኝ» ብዬ መረቅኋት። ጥበቃው ሮጦ መጣ።

«እማማ፣ ሥዕል ላይ ይተፋል እንዴ? ልጅቷን ከሥራ ሊያስባርሯት ነው?»

የምታፍርብኝ መስሎኝ መሬት መሬት ሳይ፣ እሷ ሥዕሎቹን ባስረዳችበት ድምፅ፣ «አያቴ ናቸው። እኛ ጋ ትልቅ ሰው ሲመርቅ እንዲህ ነው» አለችው።

ሰውየው ሥዕሉን ጠጋ ብሎ አየና ኮፍያውን አወለቀ። «እንግዲያው እኔንም ይመርቁኝ።»

«ተራህን ጠብቅ፣ የእኔ መቼ አለቀ» ብላ ራሷን ወደ እኔ ዝቅ አደረገች።